«ሥርዓቱ አስገደደኝ» የሚል ሰው ከበደል ነጻ ነውን?

ጥያቄ፦ የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ? በጎጃም በቢቸና ከተማ በአንድ የእህል ነጋዴ መጋዘን ተቀጥሬ ጤፍ እየመዘንሁ የምኖር የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ። አሠሪዬ በክረምት እጅ ላጠረው ገበሬ ገንዘብ እየሰጠ ገና ያልታጨደውን ጤፍ በግማሽ ዋጋ ይዋዋላል፤ በጥር የሰበሰበውንም እስኪወደድ ድረስ ይይዘዋል። እኔም ስመዝን «ለጆንያው» እየተባለ ከሚገባው በላይ እንድቀንስ ታዝዣለሁ። ይህን ለጓደኞቼ ባጫውታቸው ክርክር ተነሣ። የሥነ ሕይወት መምህር የሆነው «ሰው የሚያደርገውን የሚያደርገው ዘሩና አስተዳደጉ ስለሚገፋው ነው፤ ነጻ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም» አለ። ሌላው «ጥፋቱ የካፒታሊዝም ነው፤ ሥርዓቱ ካልተለወጠ አንተም አሠሪህም ምንም አታመጡም፤ ምጽዋት ራሱ ድህነትን ማቆያ ነው» አለ። ሦስተኛው «ገዢና ሻጭ ከተስማሙ በደል የለም፤ ሥነ ምግባር ማለት ሰዎች የተስማሙበት ነው» አለኝ። ሰው በእርግጥ ነጻ ፈቃድ አለው? ቤተ ክርስቲያናችንስ የምትደግፈው የኢኮኖሚ ሥርዓት የትኛው ነው? እኔስ ተቀጣሪ ሆኜ ሳለ በደለኛ ነኝ?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የጓደኞችህ ንግግር ሦስት ዓይነት ይምሰል እንጂ የሚያርፈው አንድ ቦታ ነው፤ ሦስቱም ሚዛኑን የያዘውን እጅ ከተጠያቂነት ያወጡታል፤ አንዱ በዘር፣ አንዱ በሥርዓት፣ አንዱ በስምምነት። ይህ አነጋገር አዲስ አይደለም። እስራኤል በባቢሎን ምርኮ ሳሉ «አባቶች ያልበሰለ ወይን በሉ፤ የልጆች ጥርስ ጠረሰ» እያሉ ያለፈው ትውልድና የደረሰባቸው ዘመን እንዲህ እንዳደረጋቸው ይናገሩ ነበር። እግዚአብሔርም በነቢዩ በሕዝቅኤል አድሮ ይህን ምሳሌ ከእንግዲህ እንዳይመስሉት ከለከላቸው፤ ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም፣ ኃጢአት የሠራች ነፍስ እርሷ እንደምትሞት፣ የተመለሰ ኃጢአተኛም በሕይወት እንደሚኖር ነገራቸው። ሕዝቅኤል ምዕራፍ 18ን ዛሬ ማታ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው። ሰው ለሥራው ራሱ መልስ ሰጪ መሆኑን በሚያስተምረው በዚሁ ምዕራፍ ጻድቅ የሚባለው ማን እንደሆነ ሲዘረዘር የተራበን ያበላ፣ የተራቆተን ያለበሰ፣ የተበዳሪውን መያዣ የመለሰ፣ በአራጣ ያላበደረ ሰው ተጠርቷል። የነጻ ፈቃድና የገበያ ጥያቄ በነቢዩ ዘንድ አንድ ጥያቄ ነው ማለት ነው፤ አንተም ሁለቱን አያይዘህ መጠየቅህ ተገቢ ነው።

ሰው ነጻ ፈቃድ እንዳለው ቤተ ክርስቲያናችን ያለ ጥርጥር ታስተምራለች። ነፍስ ሕያዊት (ሕይወት ያላት)፣ ነባቢት (የምትናገር)፣ ለባዊት (የምታስተውል) ሆና ስትፈጠር ከክፉና ከደግ የምትለይበት አእምሮና የምትመርጥበት ፈቃድ ተሰጥቷታል። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 15 እግዚአብሔር ሰውን ከጥንት ፈጥሮ በፈቃዱ እንደተወው፣ እሳትንና ውኃን በፊቱ እንዳኖረለት፣ ወደ ወደደው እጁን እንደሚዘረጋ ተጽፏል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 30ም ሙሴ ሕይወትንና ሞትን በሕዝቡ ፊት አኑሮ ሕይወትን ምረጥ ይላል፤ መምረጥ የማይችልን ፍጡር ምረጥ ማለት ደግሞ ለእግዚአብሔር አይስማማውም። የአምላክ አስቀድሞ ማወቅም ፈቃድን አያስቀርም፤ ይሁዳ ጌታን እንደሚሸጥ ታውቆ ነበር፣ ሠላሳ ብሩን የተቀበለው ግን በገዛ እጁ ነው።

ጓደኛህ ስለ ዘርና ስለ አስተዳደግ የተናገረው ግን በሙሉ ሐሰት አይደለም፤ ይህን ያህሉን እሺ በለው። ከአዳም ውድቀት በኋላ ባሕርያችን ጎስቁሏል፣ ሥጋ ይጎትታል፣ ልማድ ያስራል፤ በድህነትና በጭካኔ መካከል ያደገ ልጅ ከሌላው የከበደ ሸክም ይዞ ይነሣል። አበው ይህን ስለሚያውቁ ነው የንስሐ አባት ለሁሉ አንድ ዓይነት ቀኖና የማይሰጠው፤ ተርቦ የሰረቀውንና ጠግቦ የሰረቀውን ይለያል፤ የሰውየውን አቅም፣ ዕድሜና ኑሮ ይመረምራል። መጽሐፈ ምሳሌም ተርቦ የሚሰርቅን ሌባ ሰዎች እንደማይንቁት ይናገርና ከተያዘ ግን መክፈሉ እንደማይቀር ይጨምራል። መጎተት ሌላ፣ መገደድ ሌላ ነው። የምትታለብ ላም ቤቱ ያለች አንድ ገበሬ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሙሉ ወተቷን እያለበ፣ እየናጠ፣ ቅቤውን ለፋሲካ እያስቀመጠ በምላሱ ሳይቀምሳት ይከርማል። ሆዱ ይፈልጋል፣ ሽታው ይጠራዋል፣ ማንም አያየውም፤ እርሱ ግን አይነካውም። ዘርና አስተዳደግ ሁሉን የሚወስኑ ቢሆኑ ጾም የሚባል ነገር በምድር ላይ ባልኖረ ነበር። ጾም ፈቃድ እንዳለን ይመሰክራል፤ ያለንንም ያበረታዋል።

ወደ ሥርዓቱ ነገር ልምጣ፤ እዚህ ላይ ጥቂት እንድቆይ ፍቀድልኝ፤ ምክንያቱም የጎጃም ሰው ስለ ኢኮኖሚ ሥርዓት ከንባብ በፊት በኑሮው የተማረ ነው። በርስትና በጉልት ዘመን ገበሬው መሬቱን ከአቅኚ አባቱ ወርሶ ቢያርስም ግብሩና ግዴታው ብዙ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም ራሷ መሬት የነበራት ስለሆነች ስለዚያ ዘመን ስንናገር ራሳችንን ከዳር ቆመን እንደምንመለከት ልናደርግ አይገባም። በ1960 ዓ.ም. የግብርና ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ ሞጣና ቢቸናን የመሰሉ አውራጃዎች ገበሬ ርስቱ የሚነካ መስሎት ተነሣ፤ አንተ ዛሬ የምትመዝንበት አገር ያኔ የዚያ አመፅ ማዕከል ከነበሩት አንዱ ነው። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ብዙ ጭሰኛም እፎይ አለ። ብዙ ሳይቆይ ግን የኮታ ዘመን መጣ፤ ገበሬው ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበያው በታች በተቆረጠ ዋጋ እህል እንዲያስገባ ታዘዘ፤ ኮታው ያልሞላለት ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስገባ ነበር። በየካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ንግዱ ተፈታ፤ ቀጥሎም አንተ የምታውቀው ነጻ ገበያ መጣ።

ከእነዚህ ሥርዓቶች አንዱም ለድኻው ሙሉ ዕረፍት አልሰጠም፤ አንዱም ከሌላው ጋር እኩል ነው አልልህም። ሥርዓት በደልን ያቀላል ወይም ያከብዳል፤ ስለዚህ ክፉ ሥርዓትን መቃወምና የተሻለውን መሥራት ክርስቲያናዊ ግዴታ ነው። እግዚአብሔር ራሱ ለእስራኤል ምክር ብቻ አልሰጠም፣ ሕግም ሠራ፤ የተሸጠ ርስት በ50ኛው ዓመት ወደ ባለቤቱ እንዲመለስ፣ የማሳው ዳር ሳይታጨድ ቃርሚያው ለድኻና ለመጻተኛ እንዲቀር፣ የምንደኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈል አዘዘ። ቤተ ክርስቲያን «ካፒታሊዝም የእኔ ነው» ወይም «ሶሻሊዝም የእኔ ነው» የማትለውም የያዘችው መስፈሪያ ከሁለቱም የቀደመ ስለሆነ ነው፤ የትኛውም ሥርዓት ሲመጣ ሚዛኑ እውነተኛ ነው ወይ፣ የሠራው ሰው ደመወዙን አግኝቷል ወይ፣ መበለቷና ወላጅ የሌለው ልጅ በልተው አድረዋል ወይ ብላ ትጠይቃለች።

በሐዋርያት ዘመን የነበረችው የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን ሀብቷን በአንድነት ትጠቀም ነበር፤ ይህን ይዘው «ክርስትና ሶሻሊዝም ነው» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ሐናንያ መሬቱን ሸጦ ከዋጋው ከፊሉን በደበቀ ጊዜ ቅዱስ ጴጥሮስ ሳትሸጠው የአንተ አልነበረምን፣ ከሸጥኸውስ በኋላ በሥልጣንህ አልነበረምን ብሎ ነው የጠየቀው። የተፈረደበት በመዋሸቱ ነው፤ እንዲሰጥ ያስገደደው አልነበረም። በአገራችን ያሉ የአንድነት ገዳማትም እንዲሁ ናቸው፤ መነኰሳቱ የግል የሚሉት ሳይኖራቸው በጋራ ይሠራሉ፣ በጋራ ይመገባሉ፤ ወደዚያ የሚገባ ግን በፈቃዱ መንኖ ነው እንጂ ተነድቶ አይደለም።

ምርጫ በሥርዓት ውስጥ እንዴት እንደሚኖር አንተ ባደግህበት አገር ምሳሌ ልንገርህ። በዋሸራም በጎንጅም ቅኔ ቤት ጉባኤ ቃና የሚባለው አጭሩ የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት (ስንኝ) ነው፤ ተማሪው ሦስት ላድርገው ቢል አይፈቀድለትም፣ ምጣኔውንም እንደ ፈቃዱ አያረዝመውም። ነገር ግን በዚያች ጠባብ ቦታ አንዱ ሰምና ወርቁ የተዋደደለት ቅኔ ይቀኛል፣ ሌላው ባዶ ቃል ይደረድራል፤ መምህሩ ሲያርም «ቤቱ ጠቦኝ ነው» የሚለውን አይቀበለውም። መጥምቁ ዮሐንስም ቀራጮችና ወታደሮች ምን እናድርግ ብለው በመጡ ጊዜ የሮምን ግብር አፍርሱ አላላቸውም፤ ቀራጩን ከታዘዘልህ አብልጠህ አትውሰድ፣ ወታደሩን ማንንም አትግፋ፣ ደመወዝህ ይብቃህ አለው። ክፉ በሆነው ሥርዓት ውስጥ በእጃቸው ያለውን ነገር ለየላቸው። በአገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባለ የሚተረተው ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ በክርስቲያን አፍ ሊገኝ አይገባም ነበር።

ምጽዋት ድህነትን ማቆያ ነው ያለህን ጓደኛህን፣ የጎጃም ሊቃውንት በምን እንደተማሩ ጠይቀው። አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የቆመው የቆሎ ተማሪ፣ ከገበሬዋ ሴት እጅ ቁራሽ ተቀብሎ ነው ቅኔውን ቆጥሮ፣ መጻሕፍቱን ተርጉሞ መምህር የሆነው። ያ ቁራሽ ድህነትን አላቆየም፤ ጉባኤ ቤቶችን ለዘመናት አቆመ። ደግሞም ምጽዋትና ሥርዓትን ማስተካከል አይጣሉም። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቂሳርያ ረኃብ በገባ ጊዜ ጎተራቸውን የዘጉ ባለጠጎችን በግልጽ ገሠጸ፣ የተራቡትን ሰብስቦ አበላ፣ ለድኾችና ለሕሙማን የሚሆን ቤትም አሠራ።

ሥነ ምግባር ስምምነት ነው ለሚለው ረጅም መልስ አያስፈልገውም። የቢቸና ነጋዴዎች ሁሉ ነገ ተሰብስበው ከኩንታሉ አምስት ኪሎ ለመቀነስ ቢስማሙ ስምምነታቸው ስርቆቱን ጽድቅ አያደርገውም፤ ይህን እርሱም በልቡ ያውቃል። የሚያውቀውም ከኦሪት በፊት በሰው ሁሉ ላይ የተጻፈ ሕገ ልቡና ስላለ ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 2 እንደሚለው ሕግ የሌላቸው አሕዛብ እንኳ ሕሊናቸው ይመሰክርባቸዋል። ከዚህም የተነሣ እምነት የሌለው ሰው ቅን ሆኖ ብታገኘው አትደነቅ፣ አትናቀውም። ገበሬው በሐምሌ ተስማማ መባሉም ነጻ ሆኖ ተስማማ ማለት አይደለም፤ ልጆቹ እየራቡት፣ የማዳበሪያ ዕዳ እያሳሰበው የፈረመው ነው። ነጻ ፈቃድን ለባለጠጋው እየነፈጉ ለተራበው ብቻ መስጠት ትልቅ ግፍ ነው።

አሁን ወደ ራስህ ጉዳይ እንምጣ። እህል ማከማቸት በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ዮሴፍ በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምድሪቱ ፍሬ አምስተኛውን እጅ አስቀምጦ ሕዝብ አድኗል። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 11 የሚረግመው ሕዝብ እየራበው እህሉን የሚሸሽገውን ነው፤ በሚሸጠው ራስ ላይ ግን በረከት አለ ይላል። ስለዚህ አሠሪህ ለምን እንደሚያከማችና መቼ እንደሚያወጣ አይቶ መመርመር የእርሱና የንስሐ አባቱ ድርሻ ነው። በክረምት በግማሽ ዋጋ የሚዋዋለው ግን ስሙ ግዢ ይባል እንጂ ሥራው አራጣ ነው፤ በመዝሙር 14 በእግዚአብሔር ተራራ የሚኖረው ገንዘቡን በአራጣ የማያበድረው ነው ተብሏል። በዚያ ውል ውስጥ አንተ ገንዘብ አላበደርህም፣ ትርፉንም አልበላህም፤ በደልህ እንደ እርሱ አይደለም።

የሚዛኑ ነገር ግን የአንተው ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 በመመዘንና በመስፈር ዓመፃ አታድርጉ የተባለው ለባለ መጋዘኑ ብቻ አይደለም፤ ሚዛኑ ላይ እጁን ላሳረፈው ሁሉ ነው። ደመወዝህን እንዳታጣ መፍራትህን አልነቅፍም፤ ቤተሰብ አለህ፣ ሥራም በቀላሉ አይገኝም፤ የንስሐ አባትህም ይህን ከግምት ያስገባልሃል። ነገር ግን ከመጪው ገበያ በፊት አሠሪህን ለብቻው አግኝተህ በአክብሮት ንገረው፤ ባዶ ጆንያ በሚዛኑ ላይ አኑራችሁ የሚከብደውን ያህል ብቻ እንዲቀነስ ጠይቀው። እምቢ ካለህ ያንን ቅነሳ በእጅህ እንደማትሠራው አስታውቀህ የጭነቱን ወይም የመዝገቡን ሥራ እንዲሰጥህ ለምነው፤ ይህም ካልሆነ ሌላ እንጀራ እስክትፈልግ ድረስ ስንት ጊዜ መቆየት እንደሚገባህ ከንስሐ አባትህ ጋር ተመካከር። እስካሁን በእጅህ የተቀነሰባቸውን የምታውቃቸውን ገበሬዎች በተመለከተ ደግሞ ዘኬዎስን አስብ፤ የምትችለውን ያህል የምትክስበትን መንገድ ከንስሐ አባትህ ጠይቅ። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።