ቆማ የምትዝግ ሴስና፦ አሮጌ አውሮፕላን ለገዛችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች

ደሴ ላይ በቤተሰብ ግቢ ሸራ ለብሳ የቆመች መኪና ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ወንድም ወይም የአክስት ልጅ በየቅዳሜው ያስነሳታል፤ አሥር ደቂቃ አንጎራጉራ ስትጠፋ «አብሽር፣ መኪናህን አሙቄልሃለሁ» ብሎ ይደውላል። ነገሩ ከቅንነት ነው፤ ለሞተሩ ግን ባይነካው ይሻለው ነበር። ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይፈጠራል። ከእንፋሎቱ የተወሰነው በፒስተኑ ፋሻ በኩል ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ዘይቱ በአሥር ደቂቃ በደንብ ስለማይግል ውሃው ሳይተን እዚያው ይቀራል፤ በሳምንቱ ሌላ ይጨመርበታል።

አሜሪካ ላይ ሴስና 172 የተባለችውን ትንሽ አውሮፕላን አሮጌዋን ገዝታችሁ፣ ድርብ ፈረቃ ሲበዛባችሁ በወር አንዴ ሃንጋር (የአውሮፕላን ማቆያው) ብቅ ብላችሁ አስነስታችሁ ብቻ የምትመለሱም የምታደርጉት ይህንኑ ነው። አውሮፕላን ላይ ደግሞ ይብሳል። ከ1968 እስከ 1986 (ዓመቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በተሠሩት 172ዎች ላይ ያለው የላይካሚንግ ኦ-320 ሞተር ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ከክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ) በላይ ነው የተቀመጠው። ዘይት ውስጥ አይጠመቅም፤ የሚቀባው ሞተሩ ሲዞር በሚረጭለት ዘይት ነው። ሳምንታት ሲቆም ዘይቱ ተንጠባጥቦ ወደ ታች ይወርዳል፤ ብረቱ ራቁቱን ይቀርና እርጥበቱ ያዝገዋል። በሚቀጥለው ሲነሳ በካሙ ላይ የሚሄደው ታፔት የዛገውን የካም ፊት እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ካምሻፍት ለመቀየር የሞተሩን ጎድን ለሁለት መክፈት ግድ ነው፤ ያ ማለት የሙሉ እድሳት ወጪ ማለት ነው። ከ1968 በፊት የነበሩት 172ዎች ባለ ስድስት ሲሊንደሩን ኮንቲኔንታል ኦ-300 የተሸከሙ ናቸው፤ የእነሱ ካም ከታች ስለሆነ በዚህ በኩል ትንሽ ይሻላሉ።

ላይካሚንግ የሚመክረው በ30 ቀን ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ሳያቋርጡ አንድ ሰዓት፣ የዘይቱ ሙቀት ከ165 እስከ 200 ዲግሪ ፋራናይት ሆኖ መብረር ነው። በሴንቲግሬድ ከ74 እስከ 93 መሆኑ ነው። በእኔ ግምት እርጥበት ባለበት አገር 30 ቀኑም ይረዝማል፤ ሁለት ሳምንት በሉት። መብረር ካልቻላችሁ አታስነሱት። ለወራት ወደ አገር ቤት የምትመጡ ከሆነ መካኒኩ የማቆያ ዘይት ይሙላበት፤ በላይኛዎቹ ካንዴላዎች ቦታ እርጥበት የሚመጥጡትን መሰኪያዎች ያስገባ፤ የአየር ማስገቢያውንና የማርሚታውን አፍ ይድፈን። ስትመለሱ እንዳይረሳ ፕሮፔለሩ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩ።

ገና ልትገዙ ያላችሁ ደግሞ ከቀለሙ በፊት የጥገና ደብተሩን ጠይቁ። «ሞተሩ ከታደሰ 400 ሰዓት ብቻ» የሚል ማስታወቂያ ሲያጓጓችሁ እድሳቱ መቼ እንደነበር እዩ። ከ25 ዓመት በፊት ከሆነ በዓመት 16 ሰዓት ብቻ በርራለች ማለት ነው፤ የቀረውን ጊዜ ቆማ ስትዝግ ነበር። አምራቹ ለኦ-320 የሚሰጠው የእድሳት ገደብ 2,000 ሰዓት ወይም 12 ዓመት ነው። በግል ለሚበር ሰው ይህ ምክር እንጂ ሕግ አይደለም፤ ዋጋ ስትደራደሩ ግን ሁለቱንም ቁጥር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ። 1,500 ሰዓት የሠራና በየሳምንቱ የሚበር ሞተር ከዚያ «400 ብቻ» ከተባለው ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ከ1977 እስከ 1980 የተሠራው 172ኤን ሞተሩ ኦ-320-ኤች2ኤዲ ነው። ይህ ሞዴል በካምና በታፔት መበላት ስሙ የጠፋ ነው። ላይካሚንግ ኤልደብሊው-16702 የተባለውን የዘይት ተጨማሪ እንዲያገኝ በአስገዳጅ መመሪያ ታዟል፤ ደብተሩ ላይ ካልተጻፈ አልገባም ብላችሁ ቁጠሩት። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጡት ሁለቱ ማግኔቶዎችም በአንድ ቤት ውስጥ ሆነው በአንድ ዘንግ ነው የሚዞሩት፤ ዘንጉ ከተሰበረ ሁለቱም አንድ ላይ ይሄዳሉ። አትግዙ አልልም፤ እያወቃችሁ ግዙ።

ቅድመ ግዢ ፍተሻውን የሻጩ መካኒክ እንዳያደርገው። የሲሊንደር ኮምፕሬሽን ሲለካ አጠገቡ ቁሙ። በ80 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አየር ይገባል፣ ሲሊንደሩ ምን ያህሉን እንደያዘ ይነበባል። ከ60 በታች ከሆነ ወይም በሲሊንደሮቹ መካከል ከ15 በላይ ልዩነት ካለ ነገር አለ። ከቁጥሩ ይልቅ ጆሮ ይናገራል፦ አየሩ በማርሚታው በኩል ፊሽ ካለ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ነው፤ በካርቡሬተሩ በኩል ከሆነ የማስገቢያው፤ በዘይት መሙያው ከሆነ ፋሻው። ከባሕር ዳርቻ የመጣች ከሆነች ወለሉ ተነቅሎ ሥሩ፣ የክንፉ መጋጠሚያና የጭራው ውስጥ በባትሪ ይታይ። አይጥ ጎጆ ሠርታ ከነበረም ሽንቷ አሉሚኒየም ይበላል። የወንበሩ ሐዲድ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎችና የሚቆልፈውን ፒን አትለፉ። በሚነሳበት ሰዓት ወንበሩ ወደ ኋላ ሲንሸራተት አብራሪው መሪውን ይዞ ይጎትታል፤ በዚህ የተነሳ ሰው ስለሞተበት ነው ፍተሻው አስገዳጅ የሆነው።

አሁን ወደ እጃችሁ ሥራ። በአሜሪካ ሕግ የግል አብራሪነት ፈቃድ ያለው ባለቤት ዘይት፣ ካንዴላ፣ ጎማ፣ ባትሪና መብራት የመሳሰሉትን ራሱ እንዲቀይር ተፈቅዶለታል፤ ዝርዝሩ በአቪዬሽን ደንቡ ክፍል 43 አባሪ ላይ ነው። ከሠራችሁ በኋላ ምን እንደሠራችሁ፣ ቀኑን፣ የፈቃድ ቁጥራችሁንና ዓይነቱን ጽፋችሁ ትፈርማላችሁ። ዓመታዊ ፍተሻውን ግን ሥልጣኑ ያለው ኢንስፔክተር ብቻ ነው የሚፈርመው። ያንን ሰው ወዳጅ አድርጉት፤ ሥራውን አብራችሁ ለመክፈትና ለመግጠም ፈቃደኛ ከሆነ ወጪውም ይቀንሳል፣ አውሮፕላናችሁንም ታውቋታላችሁ።

ዘይቱ ፊልትሮ ላለው ሞተር በየ50 ሰዓቱ፣ ወንፊት ብቻ ላለው በየ25 ሰዓቱ፤ ሰዓቱ ባይሞላም በየ4 ወሩ። ቋቱ በብዙዎቹ ላይ 8 ኳርት (አንዱ ኳርት ሊትር ይጠጋል) ይይዛል፣ በ172ኤን ላይ ግን 6 ብቻ፤ እስከ አፉ ስትሞሉት ትርፉን በመተንፈሻው ተፍቶ ሆዷን ያቀባዋል፤ በባለ 8ቱ 6 ወይም 7 ይበቃል። የወጣውን ፊልትሮ አትጣሉት። እንደ ቆርቆሮ መክፈቻ በሚዞረው መቁረጫ ክፈቱት፤ በመጋዝ ከሆነ የመጋዙ ብናኝ ከሞተሩ ብናኝ ጋር ይቀላቀልና ታሳስታላችሁ። ወረቀቱን በቢላ ቁረጡና ጨምቃችሁ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርጉት፣ ፀሐይ ላይ አገላብጡት። የሚያብረቀርቅ ነገር ካያችሁ ማግኔት አስጠጉበት። ከተጣበቀ ብረት ነው፦ ካም፣ ታፔት ወይም የሲሊንደር ግድግዳ። ካልተጣበቀና ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፣ ወደ ፒስተን ተጠራጠሩ። ጥቁር ሆኖ በጥፍር ሲጫን የሚፈርሰው ካርቦን ነው፣ አያሳስብም። ሁለት ሦስት ቅንጣት ቢገኝ ቀኑንና መጠኑን ጽፋችሁ በ10 ሰዓት ውስጥ ደግማችሁ ክፈቱ፤ የጤፍ ፍሬ ያህል የሆነ ስባሪ በቁጥር ከበዛ ግን አትብረሩ፣ መካኒክ ጥሩ። አዲሱን ስትገጥሙ የፊልትሮውን ላስቲክ ቀብታችሁ ከ16 እስከ 18 ፉት-ፓውንድ (የማጥበቂያ ጉልበት መለኪያ ነው) አጥብቁ፤ በ0.032 ኢንች የደህንነት ሽቦ እሰሩት።

ካንዴላዎቹ በአራት ሲሊንደር ላይ ስምንት ናቸው። 100 ኤልኤል የተባለው የአውሮፕላን ቤንዚን እርሳስ ስላለው የታችኞቹ ካንዴላዎች ውስጥ ትንንሽ ግራጫ እንክብሎች ይጋገራሉ፤ ማግኔቶ ስትሞክሩ የሚንገጫገጨው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው። በሹል መርፌ ነቅላችሁ አውጡ፤ ሴራሚኩን አትንኩ። ክፍተቱ ከ0.016 እስከ 0.021 ኢንች ይሁን። የታችኛው ወደ ላይ፣ የላይኛው ወደ ታች ይዛወር፤ የመዳብ ሮንዴላው አዲስ ይሁን። መከላከያ ቅባቱን ከጫፉ ሁለተኛው ጥርስ ጀምሮ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ጫፉ ላይ ከደረሰ ያሾርታል። ማጥበቂያው 35 ፉት-ፓውንድ ነው። ከእጃችሁ አምልጦ ሲሚንቶ ላይ የወደቀ ካንዴላ ሴራሚኩ ውስጥ ውስጡን ሳይሰነጠቅ አይቀርምና ቆሻሻ ውስጥ ይግባ፤ ውድ ነው ብላችሁ አትሳሱ።

ከመኪና ጋራዥ ልማድ አንዱን እዚያው ጥሉት፦ የመኪና የፍሬን ዘይት። የሴስና ፍሬን የሚሠራው ቀይ በሆነው 5606 የማዕድን ዘይት ነው። የመኪናውን ስትጨምሩበት ላስቲኮቹ አብጠው ይበላሻሉ፤ ችግሩ የሚታየው ደግሞ ፍሬን ስትረግጡ ነው። ጎማ በ1970ዎቹ 172 ላይ የኋላው 29፣ የፊቱ 31 ፒኤስአይ ነው። የነዳጅ ክዳኑ ጎማ ከደረቀ ዝናብ ክንፉ ውስጥ ይገባል፤ ከዝናብ በኋላ ከየጋኑ ሥር ቀድታችሁ ብርጭቆው ላይ ውሃ እስኪጠፋ ድረስ ድገሙት።

ማሻሻል ሲባል ሁሉም ሰው ወደ ስክሪኑ ይሮጣል። እኔ ቅደም ተከተሉን የምገለብጠው ነኝ። የትከሻ ቀበቶ ከሌላት በመጀመሪያ እሱ ይግባ፤ በዳሽቦርዱ ላይ ያለ ብርጭቆ ግንባር አያድንም። ቀጥሎ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ፣ ምክንያቱም የካቢኑ ሙቀት የሚመጣው በማርሚታው ዙሪያ ከሚያልፍ አየር ነው፤ ማርሚታው ከተሰነጠቀ የምትተነፍሱት ጭሱን ነው። ከዚያ የአደጋ ጊዜ ማሰራጫው፦ በ121.5 ብቻ የሚሠራውን ሳተላይቶች መስማት ያቆሙት በየካቲት 2009 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ባለ 406 ሜጋኸርዙን ግዙ። አራተኛ የየሲሊንደሩን ሙቀት ለብቻ የሚያሳይ መቆጣጠሪያ። የጋርሚን ጂ5 ዓይነቱ ኤሌክትሮኒክ ጋይሮ (የአውሮፕላኗን አቋም የሚያሳየው) ከዚህ በኋላ ይምጣ፤ የድሮዎቹን ጋይሮዎች በምታዞረውና ሳይታሰብ በምትሞተው የቫኩም ፓምፕ ላይ ያለውን ጥገኝነት ስለሚቀንስ ጥቅም አለው። አንድ ነገር ሳትገዙ እዩ፦ 172 እስከ 1977 ሞዴል 14 ቮልት ነው፣ ከ1978 ወዲህ 28 ቮልት። በርካሽ የተገኘ ሬዲዮና አምፖል ስንቱን እዚህ ላይ አስቃጥሎታል። የምትገጥሙት ሁሉ ወረቀቱ ከነፈቃዱ ይኑር፣ ክብደትና ሚዛኑም እንደገና ይጻፍ። ወረቀት የሌለው ማሻሻያ አውሮፕላኗን ስትሸጡ የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር አይደለም።

ለሦስት ለአራት ሆናችሁ ብትገዙ ይበልጥ ትበራለች፤ መብረር ደግሞ መድኃኒቷ ነው። ገንዘቡን እንደ እቁብ ያዙት፦ የሞተሩ እድሳት 36,000 ዶላር ቢገመት በ2,000 ሰዓት ሲካፈል ለእያንዳንዷ የበረራ ሰዓት 18 ዶላር ነው። ያበረረ ሰው የዚያኑ ቀን ያስገባ፤ ዳኛው ደግሞ ከመካከላችሁ በገንዘብ የማያፍረው ሰው ይሁን።

«አንድ ቀን ኮምቦልቻ አሳርፋታለሁ» ለምትሉ ሁለት ነገር። የመጀመሪያው ነዳጅ ነው። የናንተ ሞተር የሚጠጣው አቭጋስ (የአውሮፕላን ቤንዚን) ነው፤ የመንገደኞቹ አውሮፕላኖች የሚሞሉት ጄት ኤ-1 ነው፣ ያ ደግሞ ቤንዚን ሞተር ውስጥ ሲገባ ያለ ጊዜው በሲሊንደሩ ውስጥ እየፈነዳ ሞተሩን ያበላሸዋል። አቭጋስ በእርግጥ ከየት እንደሚመጣ ሳታውቁ፣ በኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በኩልም የምዝገባውንና የፈቃዱን ጉዳይ ሳትጨርሱ ኮንቴይነር አትከራዩ። ለተወሰኑ የ172 ሞዴሎች በጄት ኤ-1 የሚሠራ የኮንቲኔንታል ዲዝል ሞተር የመግጠሚያ ፈቃድ አለ፤ ዋጋው ግን ከአውሮፕላኗ ሊበልጥ ይችላል።

ሁለተኛው አየሩ ነው። የኮምቦልቻ ማኮብኮቢያ ከባሕር ጠለል በላይ 6,100 ጫማ ገደማ ላይ ነው። በዚያ ከፍታ መደበኛው ሙቀት 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ 28 ዲግሪ ከሆነ፣ ልዩነቱን 25 በ120 ስታበዙት 3,000 ይመጣል፤ አውሮፕላኗ ያለችው 9,100 ጫማ ላይ እንደሆነች ትቆጥራለች። 150 ፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እዚያ የሚሰጣችሁ 110 ያህል ነው። ፕሮፔለሩም ክንፉም የሚይዙት አየር ስስ ነው፣ ዙሪያው ደግሞ ሜዳ አይደለም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት በ12 ዲግሪ ብትነሱ ያው ሒሳብ ወደ 7,200 ጫማ ይወርዳል። አራት ሰውና ሙሉ ጋን አይሞከርም፤ ሁለት ሰውና ግማሽ ጋን ይበቃል።

ከ3,000 ጫማ በላይ ካለ ማኮብኮቢያ ሚክስቸሩን (የነዳጅና የአየር መመጠኛውን) እስከ መጨረሻው ገፍቶ መነሳት ደግሞ ያለችውን ጉልበት መጣል ነው፤ ነዳጁ ለአየሩ ይበዛና ሞተሩ ይታፈናል። ፍሬኑን ረግጣችሁ ጋዙን ሙሉ ስጡ። ሚክስቸሩን ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ሳቡ፤ ዙሩ ከፍ እያለ ሄዶ መውረድ ሲጀምር አቁሙ፣ ትንሽ ወደ ፊት መልሱ። ዙሩ መጽሐፉ ላይ ከተጻፈው የቆመ አውሮፕላን ዙር በታች ከሆነ ጋዙን ቀንሳችሁ ወደ ማቆሚያው ተመለሱ። ከሞላ ግን ፍሬኑን ልቀቁ።