ለአዋሿ እህታችን፦ ማረፊያሽን አትዝጊው

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን በሕይወት ተረፋችሁ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ከአባትሽ የተረከብሽው ባለ ሰባት ክፍል የእንግዳ ማረፊያ አለሽ፤ መሬቱ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ እንግዳ ቀርቶብሻል፤ ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ ወረዳዎች የተፈናቀሉ ሰዎች ደግሞ በላስቲክ መጠለያ ያድራሉ። በኢንዶኔዥያ ሎምቦክ አጠገብ በምትገኝ ትንሽ ደሴት ላይ አንድ ማረፊያ ከመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ መንደሩን እንዴት እንደደገፈ አንብበሽ፣ «እኔስ ክፍሎቼን ለተፈናቃዮች በነፃ ልክፈት ወይስ ማረፊያውን ዘግቼ የቀረችኝን ገንዘብ ልስጣቸው?» ብለሽ ጠይቀሻል።

እኔ ሁለቱንም አታድርጊ እላለሁ። ክፍሎቹን ለሚከፍል እንግዳ አከራዪ፣ ግቢውን ለሰፈሩ ስጪ፣ እንጀራ፣ ወተትና አትክልት ያቀርቡልሽ ከነበሩ ሰዎች መግዛትሽን ደግሞ ለአንድ ሳምንት እንኳ አታቋርጪ። ምክንያቴን ላስረዳሽ።

ከባለቤቴ ጋር ድሬዳዋ ውስጥ በከዚራ በኩል፣ ከደቻቱ ብዙም በማይርቅ ቦታ ባለ ዘጠኝ ክፍል ማረፊያ እንሠራለን። ደቻቱን የማታውቂው ከሆነ፣ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍል፣ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነ ወንዝ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሊነጋጋ ሲል ግን ከደጋው የወረደው ጎርፍ ሰዉን በእንቅልፉ ላይ ደረሰበት። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። የእኛ ግቢ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ውሃው አልደረሰበትም። ከዚያ ቀን በኋላ ባሉት ወራት ያየሁትን ነው የምነግርሽ። አደጋው ይለያያል፤ ሰው ሁሉን አጥቶ በር ሲያንኳኳ የሚፈልገው ነገር ግን ብዙም አይለያይም።

አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አስቀድሜ ልናገር። ጎርፍ ሲሆን ሰው ከውጭ ወደ ቤት ይሸሻል፤ መሬት ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ከቤት ወደ ውጭ ይሸሻል። ስለዚህ ለእኛ ያኔ ክፍሎቹ ጠቅመውናል፤ ለአንቺ ዛሬ ከሰባቱ ክፍሎች ይልቅ ግቢሽ ይበልጣል። ሰው በተሰነጠቀ ቤት ውስጥ በነፃ ማሳደር እርዳታ አይሆንም። ቤቱን መሐንዲስ እንዲያይልሽ አድርጊ፤ እስኪመጣ ድረስ ራስሽም ዙሪውና ተመልከቺው። በልስኑ ላይ ብቻ ያለ ቀጭን ጭረት ብዙ አያሳስብም። ከበርና ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ፣ ከኮለኑ የተለያየ የብሎኬት ግድግዳ፣ በድንገት አልዘጋ ያለ በር ካየሽ ግን ያን ክፍል ለማንም አትስጪ፤ ለሚከፍልም ቢሆን። አልጋዎቹን ከመስኮት ሥር አንሺ፤ የጋዝ ሲሊንደሩን ከግድግዳ ጋር እሰሪው። ሮቶሽ ደግሞ ከፍ ባለ የብረት ማማ ላይ ከሆነ አስወርጂው። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ 20 ኩንታል ይመዝናል፤ ከሥሩ ሰው ተኝቶ መሬት ቢንቀጠቀጥ የሚሆነውን ማሰብ አልፈልግም።

የአንቺ አካባቢ መንቀጥቀጥ ሌላም ጠባይ አለው። አንድ ጊዜ ደርሶ የሚያበቃ አልሆነም። በመስከረም 2017 ተሰማ፣ በታኅሣሥ ተደጋገመ፣ ታኅሣሥ 26 በመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ከ5.5 በላይ የሆነ መጣ፣ የካቲት 7 ደግሞ ወደ 6 የተጠጋ። የመስኩ ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት ከፈንታሌና ከዶፈን ተራሮች መካከል ከመሬት በታች የቀለጠ ዓለት ድንጋዩን እየሰነጠቀ ሲገባ ነው መንቀጥቀጡ በተከታታይ የሚመጣው። ስለዚህ «አደጋው ሲያልፍ እንዲህ አደርጋለሁ» ብለሽ አትጠብቂ። የምትሰጪውን ነገር ሁሉ ለወራት ልትቀጥይበት በምትችዪው መጠን ጀምሪው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉን ሰጥቶ በሦስተኛው ሳምንት በሩን የሚዘጋ ሰው፣ በእርሱ ተማምነው የነበሩትን ሜዳ ላይ ይጥላቸዋል።

አሁን ሰዎች ምን ፈልገው እንደመጡ ልንገርሽ። እኔ አልጋ የሚጠይቁኝ መስሎኝ ፍራሽ ሳዘጋጅ የመጡት ሴቶች የጠየቁኝ መጸዳጃ ቤት ነበር። ሜዳ ላይ ያደረች ሴት ቀን በሰው ፊት የት ትሂድ? ማረፊያ ቤት ደግሞ ከመኖሪያ ቤት የሚበልጥበት አንዱ ነገር በርከት ያለ መጸዳጃና መታጠቢያ ያለው መሆኑ ነው። ሁለቱን ለሴቶችና ለሕፃናት ብቻ ለይተሽ ቁልፉን ከመካከላቸው ለምታምኛት አንዲት እናት ስጫት። በእርዳታ ሥራ መለኪያ አንድ መጸዳጃ ለ20 ሰው ነው የሚታሰበው፤ ውሃም ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር። ያ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ለ130 ሰው የአንድ ቀን ውሃ ብቻ ነው ማለት ነው። ይህን ሂሳብ አስቀድመሽ ካልያዝሽው ውሃው በሁለተኛው ቀን ያልቅና ጠብ ይነሳል። ለመጠጥ የሚሆነውን ለይተሽ አፍዪ ወይም ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሪበት። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ስልክ መሙያ ነው። አንድ ረጅም ማከፋፈያ በረንዳው ላይ አውጪ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ግን ፈጽሞ ያላሰብኩት ነው። አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ መጥተው፣ «ልጄ፣ ሐዘን የምንቀመጥበት ቦታ የለንም» አሉኝ። ቤታቸውን ውሃ ወስዶታል፤ የልጃቸውን ቤተሰብ ወስዶታል። የሚያስተዛዝን ሰው ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ የሚቀመጥበት ግን የለም። ለቅሶ ቤት ይፈልጋል፤ እርሳቸው ቤት የላቸውም። አፎሻቸው፣ ማለትም የሙስሊሞቹ እድር፣ ምንጣፍና ድስት አመጣ፤ ተዕዚያው፣ ለቅሶው ማለት ነው፣ ግቢያችን ውስጥ ተቀመጠ። በማግስቱ አንዲት ክርስቲያን ጎረቤታችንም እንዲሁ ጠየቀችን፤ የእርሷ እድር ድንኳኑን በግቢው በሌላኛው በኩል ተከለ። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሐዘን። በአንዱ በኩል ሆጃ የሚባለው የእኛ አገር ትኩስ መጠጥ ይፈላል፣ በሌላው ሻይ። ወቅቱ ፍልሰታ የገባበት ስለነበር ምስርና ሩዝ ብቻ በአንድ ላይ ሠራን፤ ሥጋ ስለሌለበት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ድስት በላ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ግቢው የእኔ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ይህን በደስታ ነው የምጽፈው። አንቺም ዘንድ ሐዘን ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ካለ ግን ማንም እርዳታ ሰጪ ድርጅት የማያመጣው ነገር ይህ ቦታ ነው። ሐዘን ባይኖርም አራስ ትኖራለች፣ ልጅ የሚዳርም ይኖራል፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ የሚመክርበት ጥላ ይፈለጋል።

ሌላው በማረፊያ ቤት ብቻ የሚሆን ሥራ ዘመድ ፍለጋ የሚመጡትን መቀበል ነው። ከጅጅጋ፣ ከሐረር፣ ከአዲስ አበባ በየአውቶቡሱ እየወረዱ እህት፣ ወንድም፣ ልጅ የሚፈልጉ ሰዎች መጡ። ማን የት መጠለያ እንዳለ የምናውቀውን በትልቅ ደብተር መጻፍ ጀመርን፤ የእንግዳ መዝገብ መያዝ ሥራችን ስለሆነ አልከበደንም። ስም፣ ቀድሞ የነበረበት ሰፈር፣ አሁን ያለበት ቦታ። ብዙ ሰው ዘመዱን በዚያ ደብተር አገኘ። አንቺም ዛሬውኑ ጀምሪው፤ ደብተሩን ግን ለማንም ለሚጠይቅ አታሳዪ። መጀመሪያ ሰውየው ማንን እንደሚፈልግ ይንገርሽ፣ አንቺ ፈልጊለት። ባሏን ሸሽታ የሄደች ሴት ወይም ብቻውን የቀረ ሕፃን ስም በግድግዳ ላይ መለጠፍ አደጋ አለው።

ስለ ገንዘብ ያለኝን ሳልቆጥብ ልናገር፤ ይህን ነገር አጥብቄ የምይዘው ነው። ከጎርፉ በኋላ ዱቄትና ዘይት፣ ብርድ ልብስና ድንኳን ደረሰ፤ የሰው ደግነት የሚገርም ነበር። ነገር ግን ለማረፊያችን እንጀራ ትጋግር የነበረችው ሴት በነፃ ዱቄት ልጆቿን ብታበላም የቤት ኪራይ በዱቄት አትከፍልም። ከገጠር ወተት ታመጣ የነበረችው፣ አንሶላ የምታጥበው፣ ከፊራ በሚባለው ገበያ ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጥልን፣ ሁሉም ገቢያቸው የቆመው እኛን የመሰሉ ደንበኞች በመቅረታቸው ነው። ስለዚህ ምጣድ ለእንጀራ ጋጋሪዋ ገዝተን ሰጠንና እንጀራውን እንደ ወትሮው በዋጋው ከእርሷ ገዛን። ለተፈናቃዮቹ የሚበላውንም ጭምር ከእርሷ። የሁለቱ ሠራተኞቻችን ደመወዝ አንድም ወር አልተቋረጠም፤ አንዷ ቤቷን በጎርፉ ያጣች ነበረች።

ያነበብሽው የደሴቱም ነገር ይኸው ነው። በሐምሌ 2010 ሎምቦክን የመታው መንቀጥቀጥ 6.9 ነበር፤ ከ500 በላይ ሰው ገድሏል። በአጠገቡ ካሉት የጊሊ ደሴቶች በሺዎች የሚቆጠሩ ጎብኚዎች በጀልባ ተጓጉዘው ወጡ። እነዚያ ደሴቶች መኪና እንኳ የላቸውም፤ ሰውና ዕቃ የሚመላለሰው በፈረስ ጋሪ ነው። እንግዳው በሙሉ ሲወጣ ጀልበኛው፣ ባለ ጋሪው፣ አስተናጋጁ፣ ዓሣ አጥማጁ በአንድ ቀን ሥራ ፈት ይሆናሉ። ደሴት ላይ ሌላ ገበያ የለም። በሩን ዳግም የከፈተ ማረፊያ የመጀመሪያውን ደመወዝ ወደ መንደሩ ያመጣል። የአንቺ ዕድል ከእነርሱ ይሻላል፤ የጅቡቲ መንገድ በደጅሽ ነው የሚያልፈው።

«እንግዳ የለኝም» ብለሻል። ጎብኚ ላይኖር ይችላል፤ የጭነት መኪና ሹፌር አለ፣ መሬቱን ሊያጠና የሚመጣ ባለሙያ አለ፣ የእርዳታ ሠራተኛ አለ፣ ጋዜጠኛ አለ። እነዚህ ለሳምንታት ይቆያሉ፣ ደረሰኝ ይፈልጋሉ፣ ይከፍላሉ። ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ደህንነታቸው የተረጋገጠ ስንት ክፍሎች እንዳሉሽ አስመዝግቢ። ዋጋ ግን አንዲት ብር እንዳትጨምሪ! በችግር ጊዜ አልጋ ያስወደደ ሰው ስሙ ሳይረሳ ይኖራል፤ እኛ ከተማም እንዲህ ያደረገ ነበር፤ ሰፈሩ ዛሬም ያስታውሰዋል። ከሚከፈልሽ ላይ የግቢውን ውሃና ሻይ ሸፍኚ። ባዶ ክፍል ካለ ደግሞ፣ መሐንዲሱ ከፈቀደልሽ፣ ከግቢው መሬት ጋር እኩል የሆነችውን፣ ደረጃ የማያስወጣውን፣ ለአራስና ለሕመምተኛ አቆዪ።

የድሮ እንግዶችሽ ገንዘብ ሊልኩልሽ ቢፈልጉ ተቀበዪ፤ በስምሽ ብቻ ግን አትያዢው። ከእድሩ ሁለት ሰው፣ ከተፈናቃዮቹ ሁለት ሰው መርጣችሁ ገቢና ወጪውን በየሳምንቱ ጻፉና በር ላይ ለጥፉት። ዕቃ ማደልንም ከደጅሽ ላይ አታድርጊው፤ እድሩ ወይም ቀበሌው ዝርዝር አለው፣ በዚያ ይከፋፈል። ሰው ምን ልላክ ብሎ ከጠየቀሽ በግልጽ ንገሪው። ለእኛ በዚያ ሙቀት ሹራብና ካፖርት በክምር መጥቶልን ነበር። የሚያስፈልገው ጀሪካን፣ ድስት፣ ነጠላ ጫማ፣ የሴቶች የውስጥ ልብስና የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ፣ የትምህርት ደብተርና እስክሪብቶ ነው። አዋሽም እንደ ድሬዳዋ ሞቃት ስለሆነ የወባ አጎበር ጨምሪበት።

ነፃ የምትሰጪውን ነገር እስከ መቼ እንደሆነ ከመጀመሪያው ተናገሪ፤ በየወሩ መጨረሻ ከእድሩ ጋር ተቀምጣችሁ ለሚቀጥለው ወር ወስኑ። አንቺም መሬቱ የሚንቀጠቀጥባት ሴት ነሽና ሌሊቱን ሁሉ በር ላይ ቆመሽ አትደሪ፤ ተራ አውጡ።

የደብተራችንን አሠራር፣ የትኛው ዓምድ ላይ ምን እንደምንጽፍ፣ በሚቀጥለው መልእክት በዝርዝር እጽፍልሻለሁ። እስከዚያ ሮቶውን አስወርጂው።