የአንባቢያን ጥያቄ፦ በክረምት ሳይክል ለሚነዱ እጆች

ጥያቄ፦ ከቱላ ወደ ሐዋሳ መሀል ከተማ ለሥራ የምሄደው ሊነጋጋ ሲል በሳይክል ነው፤ 40 ደቂቃ ያህል ይወስድብኛል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጣቶቼ ከቆፈን የተነሣ ፍሬን መጨበጥ ያቅታቸዋል። ወፍራም የሱፍ ጓንት ገዛሁ፤ ዝናብ ሲመታው ከባዶ እጅ የባሰ ሆነብኝ። የሚሞቅና ውሃ የማያስገባ ጓንት እንዴት ልምረጥ? (የቱላ ነዋሪ)

መልስ፦ ያሳሳተዎት ውፍረቱ ነው። እጅዎን የሚያሞቀው በክሮቹ መሀል ተይዞ የሚቀመጠው አየር ነው። ዝናብ ሲገባ ውሃው የአየሩን ቦታ ይይዛል፤ ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር 20 ጊዜ በላይ አስተላላፊ ነው። በዚያ ላይ ሲነዱ የሚገጥምዎት ነፋስ እርጥበቱን እያተነነ ጣትዎን ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ ጓንት ሲያነሡ አስቀድመው ነፋስና ውሃ የሚያግደውን ሽፋን ይፈልጉ፤ ሙቀቱ ከዚያ በኋላ የሚታይ ነው።

ደህና ጓንት ሦስት ድርብ አለው። ላይኛው ጠንካራ ጨርቅ ነው፤ መሀል ላይ እንደ ጎርቴክስ ያለ፣ የውሃ ጠብታን አግዶ የላብ እንፋሎትን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን አለ፤ ውስጡ ደግሞ ፖሊስተር ወይም ሱፍ ነው። ውስጡ ጥጥ ከሆነ ይተዉት፤ ጥጥ ላብን መጥጦ ይዞ ይቀራል። መለያው ላይ «ዋተር ሪዚስታንት» ከተባለ ካፊያ ይችላል እንጂ የ40 ደቂቃ ዶፍ አይችልም፤ የሚፈልጉት «ዋተርፕሩፍ» የሚለውን ነው። ያም ቢሆን ይፈትኑት። እቤት ውስጥ ጓንቱ ውስጥ ሶፍት ጠቅጥቀው እስከ አንጓው ድረስ ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ አፉ እንዳይሰጥም ይያዙት። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሶፍቱ ከረጠበ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጣቶቹ መሀል ካለው ስፌት ነው የገባው።

ልኩን በዓይን አይገምቱ። አውራ ጣትን ትተው የመዳፍዎን ዙሪያ በሰፊው ቦታ በሜትር ይለኩና ሴንቲ ሜትሩን ለ2.54 ያካፍሉት፤ የሚያገኙት የጓንት ቁጥርዎ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ወደ 8፣ 23 ሴንቲ ሜትር ወደ 9 ይመጣል። በሁለቱ መሀል ከወደቁ ትልቁን ይውሰዱ፤ የጠበበ ጓንት ውስጡ ያለውን አየር ጨፍልቆ የደም ዝውውርንም ይይዛል። ሲሞክሩት ጣትዎን ዘርግተው አይቁሙ፤ መሪ እንደያዙ አድርገው ይጨብጡ። በዚያ ጊዜ የጣትዎ ጫፍ ከጓንቱ ጫፍ ጋር ከተጣበቀ ቁጥሩ አንሶዎታል።

ብዙ ሰው የሚስተው እጅጌውን ነው። ሳይክል ላይ ክንድዎ ወደ መሪው ስለሚያዘቀዝቅ ዝናቡ ከትከሻዎ ተነሥቶ ወደ እጅዎ ይወርዳል። ጓንቱ ከጃኬቱ በላይ ከሆነ ውሃው ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ምርጥ የተባለው ጓንትም ከውስጥ ይሞላል። የጃኬቱን እጅጌ በጓንቱ ላይ አውርደው በላስቲክ ወይም በመቆለፊያው ያጥብቁት።

ዋጋው ከከበደዎት ስስ የሱፍ ጓንት አድርገው በላዩ አንድ ቁጥር የሚበልጥ የዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት ይደርቡ። ለ40 ደቂቃ መንገድ በቂ ነው፤ ላቡ መውጫ ስለሌለው ግን ውስጡ ይረጥባል። ለመመለሻ የሚሆን ሌላ ደረቅ የሱፍ ጓንት በፌስታል ቋጥረው ይያዙ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የሚደነዝዙት ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ብቻ ከሆኑ ቆፈን ላይሆን ይችላል። መዳፍዎ መሪውን ሲጫን ወደነዚያ ጣቶች የሚሄደው ነርቭ ይታፈናል። ለዚህ መፍትሔው መሪውን ትንሽ ከፍ ማድረግና የእጅ አያያዝን ቶሎ ቶሎ መለወጥ ነው።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ወደ ሀገረ ሰላም ዳገቱን እንለማመዳለን። ስንወጣ እጃችን ያልበናል፣ ስንወርድ ጣታችን አይታዘዝም። ለሁለቱም የሚሆን አንድ ጓንት አለ? (ሁለት ወጣቶች)

መልስ፦ አንድ ጓንት ለሁለቱም አይበቃችሁም። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሀገረ ሰላም ከ2,600 ሜትር በላይ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ቁልቁል ፔዳል ስለማትመቱ ሰውነታችሁ ብዙ ሙቀት አያመነጭም፣ ነፋሱም ይበረታል። ዳገቱን በስስ ጓንት ውጡ። ውሃ የማያስገባውን በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙትና ላይ እንደደረሳችሁ፣ እጃችሁ ገና ትኩስ ሳለ አድርጉት፤ ጓንት የራሱ ሙቀት የለውምና የቀዘቀዘ እጅ ውስጡ ቶሎ አይሞቅም። ስሱ በላብ ከረጠበ አውልቁት እንጂ አትደርቡበት።

በወፍራም ጓንት ፍሬኑ ይርቅባችኋል ወይም ጣት ይጠብባችኋል። በብዙ የፍሬን መያዣዎች ላይ ርቀቱን የምታስተካክል ትንሽ ብሎን አለችና ጓንቱን እንዳደረጋችሁ በእርሷ አስተካክሉት፤ ይህን ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ጨርሱ። ፍሬናችሁ ቸርኬውን የሚነክስ ዓይነት ከሆነ ዝናብ ላይ የመጀመሪያው ጭምቅታ ውሃ ከመጥረግ አያልፍም፤ ከኩርባው ቀደም ብላችሁ በስሱ ያዝ ያዝ አድርጉት።

ጥያቄ፦ የቆዳ ጓንቴን ዘይት ብቀባው ዝናብ ይችላል? (ከሐዋሳ፣ ታቦር)

መልስ፦ የምግብ ዘይት አይቀቡ፤ ቆይቶ ይሸታል። ንጹሕ ሰም በፀሐይ አለስልሰው በተለይ ስፌቱን ይሹት፤ ውሃ የሚገባው በመርፌ ቀዳዳዎቹ ነው። ቆዳው ይጠቁራል፣ ላብም ያፍናል፣ ዶፍም ሙሉ በሙሉ አያቆምም፤ ለካፊያ ግን ይበቃል። ሲረጥብ ከሰል ላይ አያድርቁት፤ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቀው ጥላ ውስጥ ይስቀሉት፤ ጋዜጣውን በየሁለት ሰዓቱ ይቀይሩት።