መልስ፦ የኮላችኪ ጃም እንዳይፈስ

እህቴ፣ ለገና የጋገርሽው የፖላንዶቹ ኮላችኪ (ጃም መሃሉ ተደርጎ የሚታጠፍ ትንሽ ብስኩት) ጃሙ እየፈሰሰ ትሪው ላይ ለምን እንደሚያርር ጠይቀሻል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ጃሙ ነው። ቀጭን ጃም ምድጃ ውስጥ ሲሞቅ ውሃ ይሆናል። ወፈር ያለ የአፕሪኮት ጃም ፈልጊ። ካጣሽ ያለሽን በትንሽ ድስት እያማሰልሽ አፍይው፤ በማንኪያ የድስቱን ታች ስትጠርጊ መስመሩ ቶሎ ካልተደፈነ ደርሷል። ከዚያ በደንብ ይቀዝቅዝ። ለአንዱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ እጅሽ እንዳይበዛ!

ሊጡም ቀዝቃዛ ይሁን። የክሬም ቺዝና የቅቤ ሊጥ ቶሎ ስለሚለሰልስ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። 3 ሚሊ ሜትር ያህል ዳምጠሽ 5 ሳንቲ ሜትር በ5 አድርገሽ ቁረጪው። ሁለቱን ተቃራኒ ጫፎች መሃል ላይ ስታገናኚ በመካከላቸው የእንቁላል ነጭ ቀቢና ጠበቅ አድርገሽ ተጫኚ። እንዳይከፈት የሚያደርገው ይሄ ነው። በ190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ፣ ጠርዙ ወርቃማ እስኪሆን ይብሰል። የዱቄት ስኳሩን ከቀዘቀዘ በኋላ ነስንሺ፤ ትኩሱ ላይ ይቀልጣል።

ቅቤና እንቁላል ስላለበት በጾሙ አይሆንም። ለእኛ ገና ካሰብሽው ግን ሊጡን ቀድመሽ ፍሪዘር አስገቢው፤ ዋዜማውን ፍሪጅ ውስጥ አሳድረሽ ታኅሣሥ 29 ጠዋት መጋገር ብቻ ነው የሚቀርሽ።