የናሙናውን ብሎክ ከላብራቶሪ ሳታወጪ ለውጭ ጉዞ ገንዘብ አታሰባስቢ

እህቴ፣ «የ8 ወር ልጄ ሆድ ውስጥ እብጠት ተገኘ፣ ናሙና ተወስዶ ኒውሮብላስቶማ (የሕፃናት ካንሰር ዓይነት) ነው ተባልኩ፣ ቶሎ ይውጣለት ወይስ ውጭ ልውሰደው?» ያልሽውን አይቼ ማለፍ አቃተኝ። የእኔም ልጅ ይኸው በሽታ የተገኘባት በዚያው ዕድሜዋ ነበር።

1ኛ፦ ለኦፕራሲዮን አትጣደፊ። በዚህ በሽታ ሕፃንነት ጥሩ ነው። ከ18 ወር በታች ያሉት ከትልልቆቹ በተሻለ ይድናሉ። ጉበትና ቆዳ ድረስ ተሰራጭቶ እንኳ በራሱ ጊዜ የሚጠፋላቸው ሕፃናት አሉ። ሐኪሟ ሲነግረኝ ሊያጽናናኝ መስሎኝ ነበር! ለእኛ ግን አልጠፋም፤ በኬሞ (በካንሰር መድኃኒት) ሟሽሾ ነው የወጣላት።

2ኛ፦ ብሎኩን ተቀበዪ። ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ፕላስቲክ ላይ ያለች ሰም ነች፣ ናሙናው ውስጧ ነው፣ ጠርዟ ላይ ቁጥር አለባት። ካንሰሩ ውስጥ ሚክ ኤን (MYCN) የሚባለው ጂን መብዛት አለመብዛቱ የሚታየው ከሷ ላይ ነው። ከበዛ ሕፃንም ቢሆን ሕክምናው ይከብዳል። እኛ ያስመረመርንበት የግል ላብራቶሪ (ስሙ ይቅር) «ለውጭ ምርመራ ልንልከው ነው» ስላቸው፣ እዚያ የምትሠራው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «ብሎክ የድርጅቱ ንብረት ነው» አለችኝ። ከልጄ ሆድ የወጣውን! ኃላፊው የለም፣ ነገ ነይ፣ ደብዳቤ አምጪ። ደብዳቤ ሳመጣ ማኅተሙ አይነበብም። እኔም ቆርጬ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ለልጄ ሐኪም ደውዬ ስልኩን ለሠራተኛዋ አቀበልኳት። የለም የተባለው ኃላፊ ከውስጥ ብቅ አለ! ልጄ ግን እስከዚያ ድረስ ኬሞ የምትወስደው በግምት ነበር። ውጤቱ «አልበዛም» ብሎ ሲመጣ የታሰበላት ከባዱ ሕክምና ቀረ። ይኸው አሁን ኬጂ ገብታ ታስቸግረኛለች።

ስለዚህ ስለ ውጭው ጉዞ የደላላ ወሬ አትስሚ። መጀመሪያ ናሙናው ብቻውን ይሂድ። ሐኪምሽ የት እንደሚላክ ይነግርሻል፣ አንቺ ብሎኩንና ስላይዶቹን (ናሙናው በስሱ ተቆርጦ የተለጠፈባቸውን መስታወቶች) ቁጥራቸውን አመሳክረሽ ፈርመሽ ውሰጂ።

ከክፍለ ሀገር ከሆነ የመጣሽው፣ አዲስ አበባ ላይ ተስፋ አዲስ የሚባለው የወላጆች ድርጅት ማረፊያ አለው፣ ጠይቂያቸው።

ኬሞ ከጀመረ በኋላ ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ሽሮፕ ሰጥተሽ እስኪነጋ አትጠብቂ፣ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። ደግሞ የ9 ወር የኩፍኝ ክትባቱ ደርሷል። ጤና ጣቢያ ካርዱን አይተው ሊወጉት ይነሳሉ። ሕያው ክትባት ስለሆነ የካንሰር ሐኪሙ ሳይፈቅድ እንዳያስነኩት።