ልቤ ደንድኖ ነው ወይስ ፊልሙ?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ከሐዋሳ ነው የምጽፍላችሁ። ቅዳሜ ከእህቴ ጋር አንድ የቤተሰብ ፊልም አየን። አባት ይሞታል፣ ሦስቱ ልጆቹ በቤት ውርስ ተጣልተው ፊልሙን ሙሉ ይጯጯሃሉ፣ መጨረሻ ላይ እናት ስትታመም ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። አለቀ! እህቴ እንባዋን ስትጠርግ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ልቤ ደንድኖ ይሆን?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! እኔም አይቼዋለሁ፣ የትኬቱ ብር ቆጭቶኛል። የወንድምና የእህት ኩርፊያ እኮ በጩኸት አይደለም የሚታወቀው፤ ለበዓል ተሰብስበው፣ ቡናው ቀርቦ፣ አንዱ አጠገቡ ያለውን ወንድሙን ዘሎ እናቱን "ስኳሩን ያቀብለኝ በዪው" ሲል ነው። ፊልሙ ይህን አያውቅም። ደግሞ ታላቅየው "በሕግ የአባቴ ቤት የሚገባው ለበኩር ልጅ ነው" ሲል ማንም አይመልስለትም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 842 ልጆች እኩል ይወርሳሉ እያለ! አንድ ጠበቃ ቢያማክሩ ፊልሙ በሃያ ደቂቃ ባለቀ ነበር። የእናትየው ሕመምም ደራሲው መውጫ ሲያጣ የከፈተው በር ነው። እናትየዋን የምትጫወተውን ተዋናይት ግን አልነካትም፤ እሷ ዝም ብላ ስትቀመጥ ብቻ ነው ነገሩ ፊልም የሚመስለው።

እህትሽን ተያት፣ ታልቅስ። የሚቀጥለው ቅዳሜ አሞራ ገደል ወስደሽ ዓሣ ጋብዣት።