የአሽከርካሪዎች ጥያቄና መልስ፦ ክፍተቱን ስተወው ሌላው ይገባበታል

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። መንዳት የለመድኩት ባጃጅ በሞላባቸው የከተማችን መንገዶችና በደንገጎ ዳገት ላይ ነው። በቅርቡ ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ ስጓዝ፣ ከአዳማ በሚነሳው የፍጥነት መንገድ ላይ የበዓል ዋዜማ ስለነበር ሦስቱም መስመሮች በመኪና ተሞልተው ነበር። ከፊቴ ካለው መኪና ራቅ ብዬ ስነዳ ከቀኝም ከግራም እየመጡ ክፍተቱን ይይዙብኛል፤ ከኋላዬ ያለው ደግሞ ረጅም መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ያስጨንቀኛል። እንደ ሌሎቹ ተጠግቼ ልንዳ ወይስ በያዝኩት ልቀጥል?

መልስ፦ በያዙት ይቀጥሉ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሴኮንድ 28 ሜትር ያህል ይሄዳል። ንቁ አሽከርካሪ እንኳ የፊተኛውን መኪና የፍሬን መብራት አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያዛውር ድረስ አንድ ሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚያልፍ፣ ፍሬኑ ገና ሳይነካ መኪናው የአንድ ትልቅ ግቢ ርዝመት ያህል ተጉዟል ማለት ነው። በዚያ ላይ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናልና፣ በከዚራ ጎዳናዎች ላይ የለመድነው የርቀት ግምት እዚያ አይሠራም። ርቀቱን በሜትር ለመገመት አይድከሙ፤ የፊተኛው መኪና አንድ የመንገድ ምልክት ሲያልፍ መቁጠር ይጀምሩና እርስዎ እዚያው ምልክት ላይ ሲደርሱ ቢያንስ ሦስት ሴኮንድ መቆጠሩን ያረጋግጡ። ዝናብ ካለ ቁጥሩን ይጨምሩ።

ይገቡብኛል ላሉት፣ አዎ፣ ይገባሉ። በገቡ ቁጥር ፍሬን ሳይረግጡ እግርዎን ከቤንዚን መስጫው ላይ ቀስ ብለው ያንሱና ክፍተቱን እንደገና ያብጁ። በመንገዱ ላይ አሥር መኪኖች ቢገቡብዎ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ሴኮንድ ብናስብ ያጡት ግማሽ ደቂቃ ብቻ ነው። ከድሬዳዋ ተነስቶ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚጓዝ ሰው ግማሽ ደቂቃ ምን ያህል ናት?

ክፍተቱ ከኋላ ላሉትም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ሙከራ፣ 22 መኪኖች ዙሪያው 230 ሜትር በሆነ ክብ መንገድ ላይ በእኩል ፍጥነት እንዲነዱ ተደርጎ ነበር። አደጋም፣ እንቅፋትም፣ የትራፊክ መብራትም በሌለበት፣ ጥቂት ቆይቶ መኪኖቹ መቆምና መሄድ ጀመሩ፤ መጨናነቁም እንደ ማዕበል ወደ ኋላ ተጓዘ። አንዱ ትንሽ ሲቀንስ ተከታዩ ትንሽ ይበልጥ ይቀንሳል፣ ከእሱ ኋላ ያለው ደግሞ ከናካቴው ይቆማል። ክፍተት ትቶ የሚነዳ ሰው ይህን ማዕበል በራሱ መኪና ላይ ያበርደዋል፤ ተጠግቶ የሚነዳው ግን አባብሶ ለኋለኛው ያስተላልፈዋል።

መብራት የሚያበራብዎትን በተመለከተ፣ በግራ መስመር ላይ ከነበሩ ቅሬታው ፍትሐዊ ሊሆን ይችላል፤ ያ መስመር ለመቅደም እንጂ ለመዝናናት አይደለምና፣ ሲመች ፍሬቻ አስቀድመው አሳይተው፣ በስፖኪዮ ብቻ ሳይሆን ዘወር ብለውም አይተው ወደ ቀኝ ይውጡለት። ፍሬን ነካ ነካ እያደረጉ «ላስተምረው» ማለት ግን ከሁሉ የከፋ ነው (እኔም በወጣትነቴ ሞክሬው የኋለኛው መኪና መከላከያዬ ላይ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር)። ጡሩምባም ቢሆን ድሬዳዋ ውስጥ ለሰላምታ እንጠቀምበታለን፣ በደንገጎ ጠመዝማዛ ላይም ከመታጠፊያው በፊት ማሰማት ተገቢ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ በሚፈስ መንገድ ላይ ግን ሌላውን ከማስደንገጥ ያለፈ ብዙም ጥቅም የለውም።

ጥያቄ፦ ከሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው የምጽፈው። ከክፍያ ጣቢያው በኋላ መንገዱ ሲጠብ እስከ መጨረሻው ድረስ ነድቶ ሰልፍ ውስጥ መግባት ነውር ነው? ባለቤቴ «ተራ መቀማት ነው» ይላል።

መልስ፦ ባለቤትዎ ያሉት መንገዱ ባዶ ሲሆን ያስኬዳል፤ ያኔ ቀደም ብሎ መግባት ይቀላል። ሁሉም በዝግታ በሚንቀሳቀስበት ሰዓት ግን ሁለቱንም መስመር እስከ መጥበቢያው መጠቀምና እዚያ ሲደርሱ አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ እየተፈራረቁ መግባት ሰልፉን ያሳጥረዋል። ነውሩ በመንገድ ዳር ባለው የአደጋ ጊዜ መቆሚያ ላይ ነድቶ መቅደም ነው፤ እሱ ቦታ መኪናው ለተበላሸበትና ለአምቡላንስ የተተወ ነው። ከፊትዎ አንዱን ካስገቡ በኋላ ሁለተኛው ሊከተል ሲሞክር ዓይኑን አይተው ቀስ ብለው ወደፊት ይቀጥሉ፤ እሱ ደግሞ ከእርስዎ ኋላ ባለው መኪና ፊት ይገባል።